ምንጩን ፍለጋ፦ ከራስ ቅል ሥር የሚቀዳው ደም

አንዲት ሴት ሁለትና ሦስት ዓመት ከሐኪም ሐኪም ስትዞር ትኖራለች። ፊቷ ክብ ሆኗል፤ ሆዷ ገፍቷል፤ እጅና እግሯ ግን ቀጥነዋል። ደረጃ ስትወጣ ጭኗ ይከዳታል። ትንሽ ነካ ያደረጋት ነገር ሁሉ ቆዳዋን ያበልዘዋል፤ ሆዷ ላይ ወይን ጠጅ የመሰሉ ሰፋፊ ሸንተረሮች ወጥተዋል። የደም ግፊትና ስኳር ተደርቦባታል፤ የወር አበባዋ ተዛብቷል፤ እንቅልፍ ርቋታል። በየሄደችበት የሚነገራት ግን "ምግብ ቀንሺ፣ እንቅስቃሴ አድርጊ" የሚል ነው። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ጠርጥሮ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያስለካል፤ ከልክ በላይ ሆኖ ይገኛል። ምንጩ ራስ ቅሏ ውስጥ ያለች ትንሽ እባጭ ሳትሆን አትቀርም ተብሎ ኤምአርአይ ትነሣለች። ውጤቱ፦ "ምንም አይታይም።"

እዚህ ላይ ብዙ ታካሚ ተስፋ ይቆርጣል። በሽታው አለ ተብሏል፣ ቦታው ግን የለም። ለዚህ ችግር ሕክምናው ያገኘው መልስ ካሜራ የማይደርስበትን በደም መፈለግ ነው፤ ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት አስገብቶ፣ በልብ በኩል አሳልፎ፣ ከራስ ቅል ሥር ካሉ ሁለት ደም መላሽ ሥሮች ደም መቅዳት። ሲሰሙት ያስፈራል። ለምን እንደሚደረግ ሲገባ ግን ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

በቅድሚያ ስለ አንድ ቃል። በአማርኛ "ዕጢ" ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፤ ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤነኛ አካልም፣ ያለ ቦታው የበቀለውን እብጠትም በአንድ ስም እንጠራለን። "ፒቱታሪ ዕጢ አለብህ" የተባለ ሰው ክው ቢል አይፈረድበትም፤ ፒቱታሪ ዕጢ ግን ሁላችንም አለን። እኔ እዚህ ጤነኛውን አካል "ዕጢ"፣ ያለ ቦታው የበቀለውን "እባጭ" እለዋለሁ።

ፒቱታሪ ዕጢ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ፣ "የቱርክ ኮርቻ" የሚል ስም ባለው የአጥንት ጎድጓዳ ላይ የተቀመጠች፣ አተር የምታህል፣ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ የሆነ ዕጢ ናት። ከምታመነጫቸው ሆርሞኖች አንዱ ኤሲቲኤች ይባላል። ኤሲቲኤች በደም ተጉዞ ከኩላሊቶች በላይ ወዳሉት አድሬናል ዕጢዎች ይደርስና "ኮርቲሶል አምርቱ" ይላቸዋል። ኮርቲሶል ሲበቃ ደግሞ ወደ ላይ ተመልሶ ፒቱታሪን "በቃ፣ አቁሚ" ይላታል። ይህች የመመለሻ ትእዛዝ ትታወስ፤ ወደ ኋላ ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው በእርሷ ላይ ነው።

ፒቱታሪ ላይ ኤሲቲኤች የሚያመርት እባጭ ሲበቅል ትእዛዙን አይሰማም፤ ኮርቲሶል ቢሞላም ማምረቱን ይቀጥላል። ይህ የኩሺንግ በሽታ ነው። ስያሜው የአሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሃርቪ ኩሺንግ ነው። ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1910 በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አንዲት የ23 ዓመት ወጣት መርምሮ ምልክቶቿን መዘገበ፤ በ1932 ደግሞ ተመሳሳይ ሕሙማንን አሰባስቦ መነሻው የፒቱታሪ ጥቃቅን እባጮች ናቸው ሲል ጻፈ። በዚያ ዘመን ኤሲቲኤችን መለካት አይቻልም፤ በሕይወት ባለ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል እባጭ ማየትም አይታሰብም።

ነገር ግን ኮርቲሶል የበዛበት ሁሉ ፒቱታሪው ታሟል ማለት አይደለም። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ከውጭ የገባ መድኃኒት ነው። ስቴሮይድ የሚባሉት ኮርቲሶል መሰል መድኃኒቶች፣ እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ያሉት፣ ለመገጣጠሚያ የሚወጉ መርፌዎች፣ ሳይቀር ፊት ለማቅላት የሚቀቡ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ይህንኑ መልክ ያመጣሉ። ይህን በተለይ ለእኛ ሰው አጥብቄ እናገራለሁ፤ ቅባትን እንደ መድኃኒት የማይቆጥር ሰው ብዙ ነው፤ ሐኪም "መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ?" ሲል "አልወስድም" ይላል። የምትቀቢው፣ የተወጋሽው፣ ከጎረቤት የተዋስሽው ሁሉ ለሐኪሙ ይነገር።

ከውጭ የገባ ነገር ከሌለ ምርመራው በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ኮርቲሶል በእርግጥ መብዛቱ ይረጋገጣል፤ የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ ይለካል፣ በእኩለ ሌሊት ገደማ ምራቅ ይወሰዳል፣ ወይም ማታ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን ተውጦ ጠዋት በደም ውስጥ ኮርቲሶሉ መውረድ አለመውረዱ ይታያል። ቀጥሎ ኤሲቲኤች ይለካል። በጣም ዝቅ ካለ ጥፋቱ የአድሬናል ዕጢዎቹ ነው፤ ፒቱታሪ ትእዛዙን ሰምታ ዝም ብላለች። ኤሲቲኤች ዝቅ ካላለ ግን እየመጣ ያለው ከአንድ ቦታ ነው። ከየት?

አብዛኛውን ጊዜ ከፒቱታሪ። አልፎ አልፎ ግን ከሌላ አካል፤ ከሳንባ ውስጥ ከተደበቀች፣ ካርሲኖይድ ከምትባል ሆርሞን አመንጪ ትንሽ እባጭ፣ ደረት ውስጥ ካለው ከታይመስ ዕጢ፣ ከቆሽት። እነዚህ ያለ ሥራቸው ኤሲቲኤች ያመርታሉ። መልኩ ያው ነው፤ ፊቱ ያው ክብ፣ ቆዳው ያው ሳሳ ያለ። ሕክምናው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንዱ በአፍንጫ በኩል ገብቶ ፒቱታሪን መክፈት ነው፤ ሌላው ሳንባ መክፈት ነው። ተሳስቶ ጤነኛ ፒቱታሪ የተነካበት ሰው ያለ በቂ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ በሽታውም ከነምንጩ አብሮት ይቀራል።

ታዲያ ኤምአርአይ ለምን አይፈርድም? በሁለት አቅጣጫ ስለሚያሳስት ነው። የኩሺንግ በሽታ እባጮች አብዛኞቹ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ናቸው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆኑት በጥሩ ማሽንም ላይታዩ ይችላሉ። ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ምንም የማይሰማቸውን ጤነኛ ሰዎች ብታነሡ ከ10ሩ በአንዱ ገደማ ፒቱታሪ ላይ ትንሽ ነገር ይታያል፤ ሆርሞን የማያመነጭ፣ ማንንም የማይጎዳ። ስለዚህ ምንጩ ሳንባዋ የሆነ ሴት ፒቱታሪዋ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ጥላ ሊታይባት ይችላል፤ ቀዶ ሐኪሙም "ይኸው ተገኘ" ብሎ የተሳሳተ በር ሊያንኳኳ ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ጋ በእርግጥ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ስምምነትም መስመሩን ያሰመረው በመጠን ነው፦ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ እባጭ በግልጽ ከታየ የደም ናሙናው አያስፈልግም፤ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ምንም ካልታየ ያስፈልጋል፤ በ6 እና በ9 መካከል ባለው ባለሙያዎቹም አስተያየታቸው የተለያየ ነው።

አሁን ወደ ሐሳቡ እንምጣ። ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ በሚቆላ ቡና ሽታ ታውዷል እንበል። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያሸት ሰው ቡና እየተቆላ መሆኑን ያውቃል፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አያውቅም፤ ሽታው ተቀላቅሏል። ማወቅ ከፈለገ በየደጁ መጠጋት አለበት። የሚቆላበት ቤት ደጃፍ ላይ ሽታው ከመንገዱ በብዙ እጥፍ ይበረታል። ከክንድ የሚቀዳው ደም የመንገዱ አየር ነው። የፒቱታሪ ደጃፍ ደግሞ ሁለት ነው፤ ግራና ቀኝ።

የዕጢዋ ደም በሁለት ጎኗ ወዳሉ ካቨርነስ ሳይነስ የተባሉ ደም መላሾች ይፈስሳል፤ ከዚያም በራስ ቅል ወለል ላይ በአጥንት ቦይ እየወረደ ኢንፌሪየር ፔትሮሳል ሳይነስ በተባለ ጠባብ ሥር በኩል ወደ ትልቁ የአንገት ደም መላሽ ይገባል። (ሳይነስ ሲባል አፍንጫ አካባቢ ያለውና ብዙ ሰው የሚታመምበት አይደለም፤ ይህኛው ደም የሚሄድበት ነው።) የቀኙ የዕጢ ጎን በአብዛኛው በቀኝ፣ የግራው በግራ ይፈስሳል። ደሙ ከዚያ በኋላ ከሌላው የሰውነት ደም ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ከመደባለቁ በፊት፣ እዚያው ጠባቡ ቦይ ውስጥ፣ በሁለቱም ጎን መቅዳት ያስፈልጋል።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ነቅታለች፣ ወይም ቀለል ያለ ማረጋጊያ ብቻ ተሰጥቷታል። ሁለቱም ብሽሽቶቿ በማደንዘዣ ይደነዝዛሉ፤ ከዚያ በየጎኑ ወደ ደም መላሹ ካቴተር የሚባለው ቀጭን ቱቦ ይገባል። ካቴተሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሆድ፣ በልብ የቀኝ ክፍል፣ በደረት፣ በአንገት። ሐኪሙ እጁን እንጂ ዓይኑን ታካሚዋ ላይ አያሳርፍም፤ በኤክስሬይ ስክሪኑ ላይ የጫፉን መንገድ ይከተላል። ካቴተሩ በሥሩ ውስጥ ለውስጥ ሲሄድ አይሰማትም፤ ጫፉ ጠባቡ ቦይ ጋ ሲደርስና በኤክስሬይ የሚታየው ፈሳሽ ሲረጭ ግን ብዙዎች ጆሮአቸው ውስጥ እንደ መጫን ወይም እንደ መጮህ ያለ ነገር ይሰማቸዋል። ሥሩ ከጆሮ አጥንት አጠገብ ስለሚያልፍ ነው፤ አስቀድሞ የተነገራት ሰው አትደነግጥም። የተረጨው ፈሳሽ ስክሪኑ ላይ የሥሩን ቅርጽ ያሳያል፤ ጫፉ ቦታው ላይ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከዚያ ጸጥ ያለ ጥድፊያ ይጀመራል። አንድ ሰው በቀኝ፣ አንድ ሰው በግራ፣ አንድ ሰው ከክንድ ወይም ከብሽሽት፣ ሦስቱም በአንድ ቅጽበት ደም ይቀዳሉ። አንድ ነርስ ሰዓቱን ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ሁለት ጊዜ ከተቀዳ በኋላ ሲአርኤች የተባለው፣ ፒቱታሪን የሚያነቃቃ ሆርሞን በደም ሥር ይሰጣል፤ ታካሚዋ ፊቷ ለአፍታ ሞቅ ይላታል። ሲአርኤች በማይገኝበት ቦታ ዴስሞፕሬሲን በምትኩ ያገለግላል። ከዚያ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ እንደገና ከሦስቱም ይቀዳል። ጠርሙሶቹ በረዶ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ኤሲቲኤች በክፍል ሙቀት ቶሎ የሚፈርስ ሆርሞን ነው። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ጎኑና ደቂቃው ተጽፏል። ግራና ቀኝ የተቀያየረ አንዲት ምልክት የዚያን ቀን ድካም ሁሉ ታበላሸዋለች፤ ስለዚህ እኔ ከመርማሪው ሐኪም እጅ ይልቅ ጠርሙሱን የምትጽፈውን ነርስ አስባለሁ።

ቁጥሩ ሲመጣ እንዴት ይነበባል? ለማሳያ ያህል የራሴን ምሳሌ ልስጥ። ከክንድ የተቀዳው ኤሲቲኤች 60፣ ከቀኝ ቦይ 90፣ ከግራ ቦይ 480 ይሁን። የሚታየው ቁጥሩ ራሱ አይደለም፤ ከክንዱ ስንት እጥፍ መሆኑ ነው። ግራው 8 እጥፍ ነው። ማነቃቂያው ከመሰጠቱ በፊት 2 እጥፍና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከተሰጠ በኋላ 3 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ፒቱታሪ ነው ይባላል። ቀኙን ብቻ ቀድተው ቢሆን ኖሮ ግን 1.5 እጥፍ ሆኖ "ፒቱታሪ አይደለም" ይባል ነበር። ሁለቱም ጎን የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በአንድ ቅጽበት የሚሆነው ደግሞ ኤሲቲኤች በየደቂቃው ከፍ ዝቅ እያለ ስለሚፈስስ ነው። ክንዱ 140፣ ቀኙ 150፣ ግራው 155 ቢሆንስ? ቡናው እዚህ ቤት አይቆላም፤ ፍለጋው ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ይዞራል።

ይህን ዘዴ በሚገባ ያጸናው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1991 ታትሟል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ቤተስዳ፣ ኤድዋርድ ኦልድፊልድ የተባለው ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ 281 ታካሚዎችን መረመሩ፤ በ278ቱ ሁለቱንም ጎን መቅዳት ተሳካላቸው። የኩሺንግ በሽታ ከተረጋገጠባቸው 215 ሰዎች 205ቱ ማነቃቂያ ሳይሰጥ የ2 እጥፍ መስፈርቱን አለፉ። ሲአርኤች ከተሰጣቸው ደግሞ አንድም አልሳታቸውም። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሆስፒታሎች በተከማቸው ልምድ ግን ያ ሙሉ ውጤት እንዳለ አልጸናም፤ ጥቂት ሰዎች ምንጫቸው ፒቱታሪ ሆኖ ሳለ ያመልጣሉ።

የሚያመልጡበት ዋናው ምክንያት የሥሩ አፈጣጠር ነው። በአንዳንድ ሰው አንደኛው ቦይ እጅግ ቀጭን ነው፤ ወይም ደሙ በሌላ መንገድ ይወርዳል። ካቴተሩ ትክክለኛ ቦታ ያለ መስሎ ከፒቱታሪ ያልመጣ ደም ይቀዳል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ደስ የሚል ነው። በዚያው ደም ውስጥ ሌላ የፒቱታሪ ሆርሞን፣ ፕሮላክቲንን፣ ይለኩታል። ፕሮላክቲን ከጤነኛው ዕጢ ዘወትር ስለሚፈስስ፣ ካቴተሩ ደጃፉ ላይ ካለ ከክንዱ በግልጽ በልጦ መገኘት አለበት። ኤሲቲኤችም ፕሮላክቲንም ከክንዱ ጋር እኩል ከሆኑ መልሱ "ፒቱታሪ አይደለም" ሳይሆን "ደጃፉ ጋ አልደረስንም" ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሳንባ ቀዶ ሕክምና ያህል ነው።

ከዚህ የባሰ፣ ብዙም የማይወራ ስሕተት አለ። የቡናው ምሳሌ የሚሠራው ሌላው ቤት ሁሉ እሳቱን ካጠፋ ብቻ ነው። ኮርቲሶል ሲበዛ ጤነኞቹ የፒቱታሪ ሴሎች "በቃ" የሚለውን ትእዛዝ ሰምተው ይተኛሉ፤ የሚያመርተው እባጩ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን በአንዳንድ ታካሚዎች ኮርቲሶል ለሳምንታት ጨምሮ ለሳምንታት ይረጋጋል፤ ሌሎች ደግሞ ኮርቲሶል የሚቀንስ መድኃኒት ላይ ናቸው። በተረጋጋበት ሳምንት ናሙና ከተወሰደ ጤነኞቹ ሴሎች ነቅተዋል፤ ከማንኛውም ጤነኛ ሰው ፒቱታሪ የሚወጣው ኤሲቲኤች ከክንዱ በልጦ ስለሚገኝ ምንጩ ሳንባ ሆኖ ሳለ ፒቱታሪ ይመስላል። ስለዚህ ይህ ምርመራ ሰው ኮርቲሶል በዝቶበታል ወይስ አልበዛበትም የሚለውን ለመለየት ፈጽሞ አይሠራም። አስቀድሞ በሽታው መረጋገጥ፣ በዚያው ሰሞንም ኮርቲሶሉ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ቀጠሮ የተያዘለት ሰው "ኮርቲሶሌ በቅርብ ተለክቷል ወይ?" ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀ እላለሁ።

ግራና ቀኙስ? በምሳሌያችን ግራው ከቀኙ 5 እጥፍ በልጧል፤ እባጩ በግራ ነው ማለት ይቻላል? ልብ የሚመኘው ይህንን ነው፤ ኤምአርአዩ ያላሳየውን ጎን ደሙ ቢያሳይ ለቀዶ ሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነበር። በ1991ዱ ጥናት አንዱ ጎን ከሌላው 1.4 እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን ጎኑ በትክክል የተገመተው ከ10 በ7ቱ ገደማ ነው። የግራና የቀኝ ሥሮች መካከል መገናኛ አለ፤ ደሙ ተሻግሮ ሊወርድ ይችላል። ግቢው ሁለት በር ቢኖረውም ነፋሱ ሽታውን ወደ አንዱ ሊነዳው ይችላል እንደማለት ነው። ከ10 ሰዎች 3ቱን የሚስት ምልክት ለጥቆማ ይሆናል፤ ለፍርድ አይሆንም። ጥሩ ቀዶ ሐኪም ከተጠቆመው ጎን ይጀምርና ካጣ ዕጢዋን በሙሉ ይፈትሻል። በቁጥሩ ብቻ ተማምኖ ግማሹን ዕጢ ቆርጦ መውጣት በእኔ ግምት የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ታካሚውም አስቀድሞ ተነግሮት የተስማማበት መሆን አለበት።

ሌሎቹ ሆርሞን አመንጪ የፒቱታሪ እባጮች፣ ፕሮላክቲንም ሆነ የዕድገት ሆርሞን የሚያመርቱት፣ ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ ድካም አይጠይቁም፤ የክንድ ደምና ኤምአርአይ ይበቃቸዋል።

ጉዳት የለውም ወይ? በብዛት የሚያጋጥመው ብሽሽት ላይ ደም ቋጥሮ መበለዝ ነው። ከባዱ፣ የአንጎል ግንድ ላይ የሚደርስ የደም ዝውውር ጉዳት ወይም በእግር ደም ረግቶ ወደ ሳንባ መሄድ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ይከሰታል፤ ነገር ግን ተከስቶ ያውቃል። ኮርቲሶል ራሱ ደምን ለመርጋት ያዘጋጀዋል፤ ስለዚህ በምርመራው ወቅት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን መስጠት የተለመደ ነው። ጉዳቱን ከማንኛውም ነገር በላይ የሚቀንሰው የሚሠራው ቡድን ልምድ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሠራበት ቦታና በየወሩ የሚሠራበት ቦታ አንድ አይደሉም፤ አማራጭ ያለው ሰው ርቆም ቢሆን ወደ ሁለተኛው ይሂድ።

ውጤቱ ፒቱታሪን ካመለከተ ቀጣዩ በአፍንጫ በኩል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ራስ ቅል አይከፈትም። ልምድ ባለው እጅ ትንንሾቹ እባጮች በአብዛኛው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሐኪሞቹ በየጠዋቱ ኮርቲሶል ይለካሉ፤ የሚጠብቁትም እጅግ ዝቅ ብሎ እንዲገኝ ነው። ዓመታት ሙሉ ተኝተው የነበሩት ጤነኛ ሴሎች በአንድ ሌሊት አይነሡም፤ ወራት ይፈጅባቸዋል፤ እስከዚያው ታካሚዋ ኮርቲሶልን የሚተካውን ሃይድሮኮርቲሶን በክኒን ትወስዳለች። በእነዚያ ሳምንታት ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ ይመጣባታል፤ "ከቀዶ ሕክምናው በፊት እሻል ነበር" የምትልበት ቀንም አለ። ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው። ክኒኑን በራሷ እንዳታቋርጥ ከጎኗ የሚሆን ሰው ያስፈልጋታል፤ ስታስመልስ ወይም ከባድ ትኩሳት ሲይዛት ደግሞ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት።